የሌሊት ድንገተኛ የውሻና የድመት ሕክምና፣ ደሴና ኮምቦልቻ፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ 3

ፀሐፊ (ረቡዕ)
የማኅበራችን ዕቅድ ረቂቅ 3 ይኸው። አስተያየት እስከ እሑድ ማታ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ማህተም አርፎበት ግብርና ጽ/ቤት ይገባል። ከረቂቅ 2 የተለወጠው፦ የመድኃኒት ሳጥን ሁለት ሆኗል፣ አንዱ ደሴ ፒያሳ፣ አንዱ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ። ተረኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12። የሌሊት ጥሪ ለውሻ 300 ብር፣ ለድመት 150። የሳጥኑን ቁልፍ ነገር አምና ጨርሰነዋል፣ ማንም ክርክሩን እንደገና እንዳይከፍተው። የመድኃኒት ዝርዝሩን እዩና ጻፉ።

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
ዝርዝሩ አያሠራም። አትሮፒን፣ የተባይ መርዝ ማርከሻው፣ 10 አምፑል ይላል። አምፑሉ 1 ሚሊ ግራም ነው። ማላታዮን ወይ ዲያዚኖን የሚባል የተባይ መርዝ የላሰ ውሻ በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከ4 እስከ 10 አምፑል ማለት ነው፣ ያውም ለመጀመሪያው ዙር። ሩቡ በደም ሥር፣ የቀረው በጡንቻ ይሰጥና ምራቁ እስኪደርቅ፣ ሳንባው ውስጥ የሚያንኮራፋው ፈሳሽ እስኪጠራ ይደገማል። የዓይኑ ብሌን ሰፋ ብሎ የሚያቆም ተረኛ ውሻውን ይገድለዋል፣ መታየት ያለበት ሳንባው ነው። በየሳጥኑ 40 ይግባ።

መድኃኒት ቤት (አራዳ)
40 አትሮፒን ይገኛል። የሚያስቸግረው መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ዲያዜፓም ነው። በልዩ ማዘዣ የሚወጣ መድኃኒት ነው፣ ለ«ማኅበር ሳጥን» ብዬ አልሰጥም። በሐኪሙ ስም ይታዘዝ፣ መዝገብ ይኑረው፣ ባዶው አምፑል ይመለስልኝ። 10 ሚሊ ግራም የያዘው አምፑል ለ20 ኪሎ ውሻ በደም ሥር አንድ ይበቃል። እየተንቀጠቀጠ ደም ሥር ካልተገኘለት በፊንጢጣ ሁለት፣ በመርፌ ሳይሆን በለስላሳ ቱቦ። ቫይታሚን ኬ1ም ረስታችኋል። ደም የሚያቀጥነውን የአይጥ መርዝ የበላ ውሻ ሦስት አራት ቀን ደህና መስሎ ነው መድማት የሚጀምረው፤ ሕክምናው ሳምንታት ስለሚወስድ ኪኒኑም ይገዛ።

አባል (ሙጋድ)
ድመት 150፣ ውሻ 300 ያለው ማነው? በየትኛው ስብሰባ ተወሰነ? ድመት ግማሽ እንስሳ ናት? ይሄ ሳይስተካከል እኔ አልፈርምም።

አባል (በርበሬ ወንዝ)
ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ባለቤቱ 300 ቢከፍል አይቆጨውም። ለድመት 300 የሚከፍል ሰው ኮምቦልቻ ላይ አታገኚም። 150ውም በዝቷል።

አባል (ሙጋድ)
እህል ያለው ቤት ሁሉ ድመት አለው። አይጥ የሚጨርሰውን እህል አስላና ከዚያ ስለ ዋጋ አውራ። መርዝ የበላችውን አይጥ በልታ የምትወድቀውም እሷ ናት።

ረዳት ሐኪም (ፒያሳ)
በሥራው ከተመንን ድመት አይረክስም። ሽንቱ የተዘጋበት ወንድ ድመት ሌሊት ሲመጣ ባለቤቱ «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ዘይት አጠጥቶት ነው የሚያመጣው። ሆዱን ስትዳስሱት ፊኛው ብርቱካን ያህል ሞልቶ ደንድኗል። ልቡ ከዘገየ ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ብሏል፣ በዚያ ሁኔታ ማደንዘዣ ከቀደመ ጠረጴዛው ላይ ይሞታል። መጀመሪያ 10% ካልሲየም ግሉኮኔት በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር፣ ልቡን እያዳመጡ ቀስ ብሎ በ10 ደቂቃ። ከዚያ ማደንዘዣ፣ ከዚያ 3.5 ፍሬንች ካቴተር፣ ቀጭኑን የሽንት ቱቦ፣ በንጹሕ ሳላይን እያጠቡ ማስገባት። በጉልበት የገፋው ሰው የድመቱን የሽንት ቧንቧ ይበሳል። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ካቴተሩም ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ስድስት ይጻፍ። ሰማያዊ ካኑላ (የደም ሥር መርፌ) ለድመት፣ ሮዝ ለውሻ፣ ከየአንዱ 20።

ገንዘብ ያዥ
ተረኛው ለመጓጓዣ 200 ይወስዳል ብለናል። እንግዲህ 150 ያስከፈልነው እያንዳንዱ ጥሪ 50 ብር ያከስረናል። የአምናው ጉድለት ገና አልተሸፈነም። እኔ ለማዳላት አይደለም፣ ሂሳቡ አይወጣም።

አባል (በርበሬ ወንዝ)
ለድመት 300 ካላችሁ ሰው ቤቱ ይዟት ይቀመጣል፣ ፓራሲታሞል ይሰጣታል፣ ትሞታለች።

ረዳት ሐኪም (ፒያሳ)
ይሄ እውነት ነው። ባለ 500 አንድ ኪኒን 4 ኪሎ ድመት ላይ በኪሎ 125 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በኪሎ 10 እንኳ ሊመርዛት ይችላል። ድዷ ቡናማ ሲሆን፣ ፊቷ ሲያብጥ ነው የሚያመጧት። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን በኪሎ 140 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 70። እሱም ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አባል (ሙጋድ)
እንግዲያው ድመት በነጻ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ
በነጻ? ከማን ኪስ?

አባል (ሙጋድ)
ውሻው ላይ 350 አድርጉት።

አባል (በርበሬ ወንዝ)
የኮምቦልቻ ውሻ የደሴን ድመት ሊያሳክም ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ስብሰባው ደሴ፣ ማህተሙ ደሴ፣ ገንዘቡ ከኛ። መጀመሪያውኑ ሁለተኛውን ሳጥን የሰጣችሁን ለምነን ነው። ሌሊት የዶሮ መዝለያን ዳገት በጉም የሚወጣ ባጃጅ የለም፤ የታመመ ውሻ ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ዳገት የወጣ ሰው ሬሳ ነው የሚያደርሰው።

አባል (ሙጋድ)
ማን ለመነ? በረቂቅ 1 ላይ የኮምቦልቻን ሳጥን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ገልብጠህ አንብብ።

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
አብሽሩ። ስለ 150 ብር ሁለት ቀን ሄደ፣ ስልክ የሚያነሳው ሰው ምን እንደሚል ግን አንድ መስመር አልተጻፈም። ነፍስ የሚድነው እዚያ ላይ ስለሆነ ጽፌላችኋለሁ፣ እንደ አባሪ ይግባ።

በመጀመሪያ ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ። ፓኬቱን ወይም ትውከቱን በፌስታል ይዘው ይምጡ። እየተንቀጠቀጠ ያለ ወይም ራሱን የሳተ እንስሳ አፍ ውስጥ ወተትም፣ ዘይትም፣ ውሃም አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይወርድና መርዙ ያልገደለውን ወተቱ ይገድለዋል። ማስታወክ የሚፈቀደው ለነቃ ውሻ ብቻ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው፣ ነጭ ጋዝ ወይም አሲድ ካልሆነ። 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፣ ቢበዛ 45፣ አንዴ ብቻ ይደገማል። ከ3% የበረታ ከሆነ ጨጓራውን ያቃጥላል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ይነበብላችሁ። ለድመት በፍጹም። የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማጠጣት የመድኃኒቱን ከሰል አይተካም።

ጥቁር ዱቄት የሆነው፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው የአይጥ መርዝ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይሆናል፤ ምግብ አሲዱን ስለሚያበዛው ምንም አይበላ። የሚያስታውከውም ደጅ ላይ ይሁን፤ ጋዙ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ይመርዛል። ባጃጅ ውስጥም መስኮት መጋረጃው ይገለጥ።

ስትሪክኒን የበላ ውሻ አራቱም እግሩ ይደርቃል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነሳበታል። በጨርቅ ሸፍነው፣ ሳይጮኹ፣ መብራት ሳያበሩበት ያምጡት።

የተመታ ውሻ አፉ በፋሻ ይታሰር፣ የራስ ውሻም ቢሆን፤ የሚያስታውክና ትንፋሽ ያጠረው ግን አይታሰርም። በሳንቃ ወይም በጋቢ ተጋድሞ ይነሳ። ድዱ ከነጣ ሪንገር የሚባለው ፈሳሽ በደም ሥር በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በ15 ደቂቃ፣ ለድመት ግማሹ። ደሴ ላይ ከረጢቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይሙቅ፣ በብርድ የሚገባው ፈሳሽ እንስሳውን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል።

ተመራቂ ተማሪ
ዶክተር፣ ፓርቮ፣ ተቅማጥ የሚያመጣው ቫይረስ፣ ያለባቸው ቡችሎችስ? በዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ሳጥኑ ራሱ በሽታ ያዛምታል። አልኮል አይገድለውም። በረኪና አንድ እጅ በ30 እጅ ውሃ፣ ቆሻሻው መጀመሪያ ተጠርጎ፣ 10 ደቂቃ ተቀምጦ። ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት እኔ ተረኛ እሆናለሁ፣ ሁለት የክፍል ጓደኞቼንም ከዩኒቨርሲቲው አመጣለሁ።

ፀሐፊ (አርብ)
አባሪው ገብቷል። አሁን የተረኛ ስም። ለ7 ሌሊት በሁለት ከተማ 14 ሰው እፈልጋለሁ። እስካሁን ተማሪው ብቻ ነው የጻፈ። በስብሰባው እጅ ያወጣችሁ 11 ነበራችሁ።

አባል (ሙጋድ)
በክብደት ይሁንስ? ከ10 ኪሎ በታች 200፣ ከዚያ በላይ 300።

አባል (በርበሬ ወንዝ)
ቡችላ 8 ኪሎ ነው። እሱም 200 ነው?

አባል (ሙጋድ)
አዎ።

ገንዘብ ያዥ
ሌሊት በር ላይ ሚዛን ይዞ የሚቆም ማነው?

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
ሚዛን ለመድኃኒቱም ያስፈልጋል፣ በግምት አትሮፒን አይሰጥም። ዝርዝሩ ላይ ጨምሩት። ተረኛስ? እኔ ዓርብና ቅዳሜ ኮምቦልቻ እይዛለሁ።

ረዳት ሐኪም (ፒያሳ)
እሑድ ደሴ። ከዚያ በላይ አልችልም፣ ቀን እሠራለሁ።

አባል (ሰኞ ገበያ)
የጋሪ ፈረሶችስ? ሌሊት ሆድ ቁርጠት የሚይዘው እነሱን ነው።

ፀሐፊ
ረቂቅ 1 ላይ ተነስቶ ወድቋል። አትመልሱት።

ተመራቂ ተማሪ
ፈተናችን ወደዚያ ሳምንት ተገፋ። ጓደኞቼም አልመለሱልኝም። ከሰኔ በኋላ እንነጋገር።

ፀሐፊ (ቅዳሜ)
ሦስት ሌሊት ብቻ ተሸፍኗል። ጽ/ቤቱን አነጋግሬ ነበር፤ ቅጹ ላይ «ድንገተኛ» የሚል መደብ የለም። ያለው «በሽታ መከላከል» ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብለን ካስገባን ማቀዝቀዣም ሊፈቀድ ይችላል። የሌሊቱን በዚያ ሥር እናስገባው።

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
በዚያ ሥር ይጠፋል። ግን ማቀዝቀዣው ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ክትባቱ ከበረዷማው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከቀዘቀዘ ይበላሻል፣ ሲቀልጥ ምንም የሆነ አይመስልም። መብራት ሲጠፋ በሩ አይከፈት። ቴርሞሜትርና የበረዶ ጡብ ይገዛ። የቤት ፍሪጅ በር ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።

መድኃኒት ቤት (አራዳ)
ባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሰው በአንድ ቀን ይሰብሰብ። መስከረም 18 ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው።

አባል (በርበሬ ወንዝ)
የመስቀል ማግስት? ማን ውሻ ይዞ ይወጣል?

አባል (ሙጋድ)
የመስቀል ማግስት ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ የሚመቸው ያን ቀን ነው። ቅሬ (እድር) ቤቱ ከተፈቀደልን ቦታም አለ። የክትባቱ ክፍያ ግን ለድመትና ለውሻ እኩል ይጻፍ።

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
እኩል ነው። ለሁለቱም 1 ሚሊ ሊትር፣ ክብደት አይታይም፣ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ። የነከሰ ውሻ ካለ አይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይሄም በወረቀት ይታተምና ይበተን።

አባል (በርበሬ ወንዝ)
ለክትባት እኩል ይሁን፣ እስማማለሁ። ለሌሊት ጥሪ ግን አልተስማማሁም።

ገንዘብ ያዥ
የሌሊቱ መደብ 0 ሆኗል እኮ። ማቀዝቀዣ፣ ቴርሞሜትር፣ ክትባት፣ ስሪንጅ፣ ወረቀት። አትሮፒኑን ከምን ላይ ልግዛ?

ፀሐፊ (እሑድ ማታ)
ርዕሱን «የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት፣ ደሴና ኮምቦልቻ» አድርጌዋለሁ። የዶክተሩ አባሪ ከኋላ ተያይዟል። የሌሊት ክፍያው ሠንጠረዥ ወጥቷል። አትሮፒን «ሌሎች መድኃኒቶች» ውስጥ 20 ገብቷል፣ ለሁለቱም ሳጥን።

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
80 ነው የተባለው።

አባል (ሙጋድ)
ሠንጠረዡ ከወጣ እፈርማለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ፒያሳ አመጣዋለሁ።

ሐኪም (ኮምቦልቻ)
ፀሐፊ፣ 80። ከመፈረሙ በፊት አስተካክለው።