በባሕረ ሰላጤው የሚኖሩ ሕንዳውያን ዜና የሚከታተሉት እንዴት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሻርጃ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከባልደረቦቼ አብዛኞቹ ከደቡብ ሕንድ፣ በተለይም ከኬራላ የመጡ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ስውል የዜና አከታተላቸው ከእኛ የተለየ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባዬ ጠዋት ስልካቸውን ሲከፍቱ አስቀድመው የሚያዩት የሩፒን ምንዛሪ ነው። ቀጥለው የተወለዱበትን የማላፑራምን አውራጃ ወሬ ያነባሉ፤ የትኛው ድልድይ ተመረቀ፣ የማን አባት ዐረፉ፣ የትኛው ትምህርት ቤት በዝናብ ምክንያት ተዘጋ የሚለውን ማለቴ ነው። ከዴልሂ የሚመጣው ትልቁ ፖለቲካ ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከኤምሬትስ ዜና ደግሞ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ካልሆነ በቀር ቆም ብለው ሲያነቡ አላየሁም። የልጆች የክረምት ዕረፍት ሲቃረብ ግን የቢሮው ወሬ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ወደ ኮቺና ወደ ኮዚኮድ የሚበረው ትኬት ስንት ገባ?

እኒህ ሰው እዚህ የቆዩት ከልጃቸው ዕድሜ በላይ ነው፤ አነጋገራቸው ግን በሚቀጥለው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ እንደሚገባ ሰው ነው። እኛ በበኩላችን ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ ክርክር እየተሸጋገርን የምናመሸው ነገሩን ለማወቅ ይሁን ለመናደድ ለይቼ አላውቅም። ሕንዳውያኑ እንዲህ ረጋ ብለው የሚያነቡት ከእኛ ቀድመው ስለመጡና ስለለመዱት ነው? ወይስ እኔ የማላየው ሌላ ምክንያት አለ?

የዲራ ነዋሪ (ዱባይ)

እህቴ፣ በገንዘብ ማስተላለፊያ መስኮት ላይ ስለምሠራ የጠየቁትን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ። የኤምሬትስ ገንዘብ ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 ታስሮ የቆመ ስለሆነ፣ ሩፒ በዶላር ፊት ሲወድቅ በድርሃምም ፊት በዚያው ልክ ይወድቃል። ስለዚህ ሙምባይ ለሚኖር አስመጪ ክፉ የሆነው ዜና ለዲራው ሠራተኛ የምሥራች ይሆናል፤ ደመወዙ ሳይጨመርለት ወደ ቤቱ የሚልከው ሩፒ ይበዛል። ሩፒ ወረደ በተባለ ዕለት ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል፣ ዋጋው ሲያንሰራራ ደግሞ ሰዎቹ «ነገ እንይ» ብለው ይመለሳሉ። ደስታቸው ግን ሙሉ አይደለም፤ ሕንድ ነዳጅና የምግብ ዘይት በብዛት ከውጭ ስለምታስገባ ትንሽ ቆይቶ የገበያው ዋጋ ይነሣል፣ ከቤትም «የላክኸው አልበቃም» የሚል ስልክ ይመጣል።

የሚገርመው ይህ ነገር በአንድ ዘመን የተገላቢጦሽ ነበር። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ ዱባይ ራሷ የምትገበያየው በሩፒ ሲሆን፣ ከ1959 ጀምሮም የሕንድ ሪዘርቭ ባንክ ለባሕረ ሰላጤው ለይቶ ያወጣው ሩፒ ይሠራበት ነበር። በጁን 1966 ሕንድ የገንዘቧን ዋጋ ከሢሶ በላይ ስትቀንስ፣ ዴልሂ ላይ የተወሰነው ውሳኔ በዱባይ ነጋዴ ኪስ ውስጥ ያለውን ገንዘብ አብሮ ቀነሰው። ኳታርና ዱባይ በዚያው ዓመት የጋራ ሪያል ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬ የምንቀበለው ድርሃም የመጣው በ1973 ነው። እንግዲህ የሕንድን የምንዛሪ ዜና መከታተል በዚህ ከተማ ከዘይቱ ገንዘብ በፊት የነበረ ልማድ ነው።

እኛም ብንሆን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል። በዚያ ሰሞን መስኮቴ ላይ የመጡት የአገሬ ልጆች እንደ ማላያሊዎቹ፣ ማለትም እንደ ኬራላ ሰዎች፣ ቁጥሩን እያዩ ሲያሰሉ ነበር እንጂ ስለ ፖለቲካው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጓዝ ስለ መጠቅለሉ ጉዳይ፣ እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዜግነትም ለተራ ሠራተኛ የሚታሰብ አይደለም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የአሥር ዓመት ወርቃማ ቪዛ የሀብታሞችና የልዩ ባለሙያዎች ነው። ሥራው ሲያበቃ መሄዱ የታወቀ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ቢቆይም፣ ቤቱን የሚሠራው ማላፑራም ላይ ስለሆነ የማላፑራምን ድልድይ ዜና ቢያነብ አይፈረድበትም።

የቀድሞው ተማሪ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ዱባይን አላየሁም፤ ነገር ግን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ከነበሩት ሕንዳውያን መምህራን እጅ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ነበሩ። የሒሳብ መምህራችን ከአገራቸው የሚያገኙት ዜና በሰማያዊ የአየር ደብዳቤ የሚመጣ፣ ሲደርስ ሳምንታት ያለፉት ወሬ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ግን ትዕግሥታቸው ያልቅና ማታ ማታ አጭር ሞገድ ሬዲዮአቸውን ያስጮኹ ነበር፤ የሚጠብቁት የዝናቡን መግባት ነው። ዋናው የሕንድ ዝናብ ኬራላ የሚደርሰው በፈረንጆቹ ጁን መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፣ የእኛም ክረምት የሚይዘው በዚያው ወር በመሆኑ እርሳቸው በእኛ ሰማይ ላይ ደመና ሲያዩ የራሳቸውን ሩዝ ማሳ ያስቡ ነበር። ስለ ፖለቲካ ሲናገሩ ግን አንድ ቀን አልሰማኋቸውም፤ የእንግዳነት ጥንቃቄም ይመስለኛል።

ነርሷ (ኩዌት)

የዲራው ወንድማችን የጻፉት ልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመስኮት በኩል ስለሚያዩት ነገሩ ሁሉ ገንዘብ ሆኖባቸዋል። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ከነርሶቹ ብዙዎቹ የኬራላ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ ያየሁት ዜና ለምንዛሪ ብቻ የሚነበብ እንዳልሆነ ነው።

በኦገስት 2018 ኬራላ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ከ400 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ስለነበር ልሂድ ያለ ሰው እንኳ በቀጥታ መሄድ አልቻለም። የአንዲት ባልደረባዬ እናት ቼንጋኑር በምትባል ከተማ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ፎቅ ላይ ወጥተው በውሃ ተከበው ነበር። ልጅቱ እዚህ ሆና የቤቱን ቦታ የሚያሳየውን ካርታ፣ የሰዎቹን ብዛትና እናቷ የሚወስዱትን መድኃኒት ጽፋ በፌስቡክና በዋትስአፕ ለቀቀች፤ የማታውቃቸው ሰዎች ከዱባይ፣ ከዶሃና ከለንደን ሆነው መልእክቱን እየተቀባበሉ አደረሱላት። እናትየውን ያወጧቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በዚያ ሰሞን ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ከባሕር ዳርቻ በጭነት መኪና እየጫኑ ወደ ጎርፉ አገር መምጣታቸውን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። የአውራጃ ወሬ እንዲያ በጥንቃቄ የሚነበበው የትኛው መንገድ እንደሚያልፍና የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ ያወቀ ሰው ከሩቅ ሆኖም ስለሚረዳ ነው።

በዚያው ሳምንት የሙላፔሪያር ግድብ ተሰነጠቀ የሚል የሐሰት መልእክትም ተሰራጭቶ ነበር። ግድቡ በ1895 ተሠርቶ ያለቀ አሮጌ ግድብ በመሆኑ ወሬውን ማመን ከባድ አልነበረም፤ ባልደረባዬ ግን ከዚያ ወዲህ ከአውራጃው አስተዳደር ገጽ ላይ ያላነበበችውን ነገር ለማንም አታስተላልፍም።

ጁን 12 ቀን 2024 ደግሞ እዚሁ ኩዌት፣ ማንጋፍ ውስጥ፣ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንፃ ተቃጥሎ ከ40 በላይ ሕንዳውያን ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ የሕንድ አየር ኃይል አውሮፕላን 45 አስከሬን ጭኖ መጀመሪያ ያረፈው ኮቺ ነው። በዚያ ሳምንት የማንጋፍ ዜና ለኩዌት ጋዜጣም ለኬራላ ጋዜጣም የአካባቢ ዜና ነበር። የእኛ ልጆችም ተጨናንቀው የሚያድሩበት ሕንፃ ብዙ ስለሆነ፣ ያን ሰሞን በየቤቱ የኤሌክትሪክ መስመሩንና የደረጃውን መውጫ ያልተመለከተ አልነበረም።

ረጋ ያሉ ናቸው ለሚለው ግን አልስማማም። የኬራላ ፓርቲዎች በባሕረ ሰላጤው ሁሉ ደጋፊ ማኅበራት አሏቸው፤ ምርጫ ሲቃረብ የእረፍት ክፍላችን ጩኸት ከእኛው ክርክር አያንስም። ልዩነቱ፣ ሲጨቃጨቅ ያመሸው ማኅበር በማግስቱ አስከሬን ለመላክ ገንዘብ የሚያዋጣውም ራሱ መሆኑ ነው። ከዚህ አንፃር የኬራላ ሙስሊም የባህል ማዕከል የሚባለው ማኅበር ሥራ በዚህ አካባቢ በደንብ ይታወቃል።

የካምፕ ሾፌር (ዱባይ)

ሁላችሁም የጻፋችሁት ስለ ኬራላ ነው። እኔ ከሶናፑር የሠራተኞች ካምፕ ወደ ግንባታ ቦታ የማመላልሳቸው ሰዎች በብዛት ከኡታር ፕራዴሽና ከቢሃር የመጡ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ጋዜጣ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ወሬ የሚደርሳቸው በቪዲዮና ከቤተሰብ ጋር ቦቲም በሚባለው የስልክ መደወያ መተግበሪያ ሲያወሩ ነው፤ በዚህ አገር በዋትስአፕ መደወል እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ከኤምሬትስ ዜና በጉጉት የሚጠብቁት አንድ ነገር አለ፤ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 በፀሐይ ላይ መሥራት የሚከለክለው ደንብ መጀመሩን።

ሲመጡም መንገዳቸው ከቢሮ ሠራተኛው የተለየ ነው። የሕንድ ሕግ አሥረኛ ክፍልን ያላጠናቀቀ ዜጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ሲሄድ አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል፤ በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስምንተኛ ክፍልን መጠየቁን ታስታውሳላችሁ። ሰዎቹ የሚከታተሉት ወሬ እንዲህ ያለውን ደንብ የሚመለከት ነው። ወኪሉ መንደር ላይ የነገራቸውና እዚህ ያገኙት ደመወዝ ስለሚለያይ፣ ከመንደራቸው ሊመጣ ለተነሣ ወጣት ትክክለኛውን ቁጥር በስልክ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ሻርጃ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ ስለ ምርጫ ያነሡት ነገር ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። ባልደረባዬ ለ2024ቱ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት እሄዳለሁ ብለው ሳይሄዱ ቀሩ። ከዚህ ሆኖ ድምፅ መስጠት አይቻልም?

የዲራ ነዋሪ (ዱባይ)

አይቻልም። ውጭ የሚኖር ሕንዳዊ ዜግነቱን እስካልለወጠ ድረስ በመራጭነት የመመዝገብ መብት ያገኘው በ2010 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ሕግ ነው፤ ድምፁን ለመስጠት ግን ፓስፖርቱን ይዞ በተመዘገበበት የምርጫ ጣቢያ ራሱ መገኘት አለበት። በወኪል ድምፅ መስጠትን የሚፈቅድ ረቂቅ በ2018 በታችኛው ምክር ቤት አልፎ የነበረ ቢሆንም፣ የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በ2024 ከተመዘገቡት 119 ሺህ ገደማ የውጭ መራጮች ውስጥ ድምፅ የሰጡት ከ3 ሺህ ያነሱ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ዐሥር እጅ ቢባል ዘጠኙ የኬራላ ሰዎች ናቸው። ማኅበራቱ ለዚሁ ብለው በቡድን ትኬት ይገዛሉ፤ ያን ያልያዘ ሰው ግን የራሱን ዋጋ ይከፍላል። ኬራላ ድምፅ የሰጠችው ኤፕሪል 26 ቀን፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ነው። ባልደረባዎ ያን ጊዜ ቢሄዱ ኖሮ፣ በሐምሌ ከልጆቻቸው ጋር ሲሄዱ ሌላ ትኬት መግዛት ይኖርባቸው ነበር።