ክረምቱን ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ እንዴት እያሳለፋችሁ ነው?

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውጭው ጭቃ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቲቪ የለም፣ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆቼ ሶፋው ላይ እየዘለሉ ሊጨርሱኝ ነው። ቤት ባለ ነገር ምን ላጫውታቸው? መጫወቻ ግዢ እንዳትሉኝ።

የመንታ እናት፦ እህቴ፣ ሊጥ ስጫቸው! 2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ውሃውን ቀስ እያልሽ። ግማሹን በእርድ፣ ግማሹን በቀይ ስር ውሃ ቀለም ታስይዢዋለሽ። የኔዎቹ ትናንት ጀበና ከነስኒው ሠርተው "ቡና ጠጪ" ብለው አስቀመጡኝ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይሉ አልለቀቁኝም። ጨው ስላለው ግን ትንሹ እንዳይበላው።

የቱሉ ዲምቱ አባት፦ ለትልቁ ገበጣ አስተምሪው። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠሽ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ፣ በዚያው መቁጠር ይለምዳል። ከትንሹ ግን አርቂው፣ ያንቃል። የኔው አንዷን አፍንጫው ውስጥ ከቶ በሌሊት ክሊኒክ ሮጠናል።

ጠያቂዋ፦ ሊጡን ሞከርኩት። ቀይ ስሩ መጋረጃዬ ላይ ነው ሃሃሃ፣ ግን ግማሽ ሰዓት ዝም አሉልኝ።