የዕቅድ ውይይት፦ በደቡብ አፍሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የበረሃ ጉዞ፣ ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የዘንድሮው ጉዞ ወደ በረሃው ይሁን ከተባለ ወዲህ ሁሉም በየግሉ ሐሳብ እየላከልኝ ነው። እሱን ተዉትና እዚሁ ጻፉ። ጆሃንስበርግ፣ ኬፕ ታውንና ደርባን የተስማሙበት አንድ ወረቀት ነው መቅረብ ያለበት። ሦስት ይዘን ከሄድን ሦስቱም ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ይሄ ነው። በኡፒንግተን አድርገን ናሚቢያ እንገባለን። የፊሽ ሪቨርን ሸለቆ አይተን ወደ ሉደሪትዝ እንወርዳለን፣ ከዚያ ሶሱስፍሌይ ወጥተን በዊንድሁክ በኩል እንመለሳለን። መነሻው የመስቀል ማግስት። ልጆች እረፍት ላይ ናቸው፣ ሙቀቱም ገና አልከረረም። ዲሴምበር ይሁን ያላችሁ፣ በዲሴምበር ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ነጋዴ ካገኛችሁ አሳዩኝ።

ወጣቱ ከፕሪቶሪያ፦ ሶሱስፍሌይ ካለበት እኔ አለሁ! ቀዩ አሸዋ፣ ነጩ ደረቅ የሐይቅ ወለል፣ መሀሉ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት ደረቅ ግራሮች። ከሞቱ 600 ዓመት አልፏቸዋል ይባላል፣ አየሩ ከመድረቁ የተነሳ መበስበስ እንኳ አልቻሉም። ቢግ ዳዲ የሚሉት የአሸዋ ተራራ ከ300 ሜትር በላይ ነው። አካባቢው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ይሄን ሳናይ ናሚቢያ ደርሰን መጣን ልንል ነው?

ባለ ኳንተሙ፦ ወንድሜ፣ አሸዋው ቆንጆ ነው፣ ኳንተም ሚኒባሱን ይዤ መንገዱን የምነዳው ግን እኔ ነኝ። ከሉደሪትዝ እዚያ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው ጠጠር። ሰው የጫነ ኳንተም በጠጠር ላይ ከ80 በላይ አይነዳም፣ እኔ እነዳለሁ የሚል ካለ እኔ አብሬው አልሳፈርም። ደርሰህም አላበቃም፤ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ፎር ባይ ፎር ካልሆነ አሸዋው ይውጥሃል፣ ማመላለሻ መኪና ከፍለህ ነው የምትገባው። ከኪትማንስሁፕ ሉደሪትዝ የሚወስደው ቢ 4 ግን ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። እኔ የምለው ሶሱስፍሌይን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። አሥር ቦታ በመስኮት ከማየት ሦስት ቦታ ወርዶ ማየት ይሻላል።

የኬፕ ታውን ተወካይ፦ ከባለ ኳንተሙ ጋር ነኝ። ለእኛ ደግሞ በኤን 7 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ይዘን ድንበሩን በፊዮልስድሪፍ መሻገር ይቀርበናል። እናንተ በናኮፕ ኬላ ግቡ፣ ግሩናው ላይ መንገዶቹ ይገናኛሉ።

የፊሽ ሪቨርን ሸለቆ ውስጥ ለውስጥ በእግር እንውረድ ያላችሁ ልጆች፣ አይሆንም። የእግር መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል፣ ደግሞም ሙቀቱን ፈርተው በየዓመቱ ሴፕቴምበር 15 ይዘጉታል። እኛ ስንደርስ ተዘግቷል። ከሆባስ በኩል ካለው መመልከቻ ላይ ቆሞ ማየት ግን በቂ ነው። ሸለቆው 160 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ጥልቀቱ እስከ 550 ሜትር ይደርሳል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ከታች ያለው ወንዝ ሲጠማዘዝ ይታያል። ወገባቸውን ለሚያማቸው አይ-አይስ ፍል ውሃ አለ። እናቶች ይሄን ሲሰሙ ምዝገባው ይሞላል፣ አውቃለሁ።

እህታችን ከደርባን፦ ጨዋታችሁን ላቋርጥ ነው። እስካሁን አንድ ሰው ስለ ወረቀት አላነሳም። ከእኛ ቅርንጫፍ ግማሹ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው የያዘው። ያን ይዞ ያለ ፈቃድ ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ሰው ወረቀቱ ይቃጠላል። ሲመለስ ናኮፕ ላይ ምን ሊል ነው? ሽርሽር ነበርኩ? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ቪዛ ያስፈልገዋል። ጉዞው የማኅበሩ ነው ከተባለ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቅ፣ ከፍቶ መዋጮውን በየወሩ የሚከፍለው ልጅ የማይሄድበት ጉዞ እንዴት የማኅበሩ ይሆናል?

ገንዘብ ያዥ፦ ትክክል ነሽ። ገንዘቡ የሁሉም ነው። ከካዝና ለናሚቢያ አንድ ራንድ ከወጣ ሌላው የመጠየቅ መብት አለው።

ወጣቱ ከፕሪቶሪያ፦ እና ይቅር ነው የምትሉት?

እህታችን ከደርባን፦ ይቅር አላልኩም። በረሃው ድንበር ላይ አይጀምርም ነው የምለው። እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለውን የኖርዘርን ኬፕ ክፍለ ሀገር ተመልከቱት እስቲ።

ኦግራቢስ የሚባል ፏፏቴ አለ። ኦሬንጅ ወንዝ ያን ሁሉ ደረቅ ምድር አቋርጦ መጥቶ 56 ሜትር ቁልቁል ይወድቃል፣ ከሥሩ 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የድንጋይ ገደል አለ። ኮከርቡም የሚሏቸውን ዛፎችም እዚያው ታያላችሁ። የእሬት ዘመድ ናቸው፣ በአደን ይኖሩ የነበሩት የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች፣ የሳን ሰዎች፣ ቅርንጫፋቸውን ቦርቡረው የቀስት ማኅደር ይሠሩበት ነበር።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ሪምፋስማክ አለ። ይሄን ቦታ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንድናየው የምፈልገው እሱን ነው። በ1973 እና በ1974 የአፓርታይድ መንግሥት ነዋሪውን በዘር ለይቶ፣ ከፊሉን ወደ ናሚቢያ ሰሜን፣ ከፊሉን ለጥቁሮች ወደ ከለለው ወደ ሲስካይ ጭኖ በተነው። ከ1994 በኋላ መሬቱ ተመለሰላቸውና ብዙዎቹ ተመልሰው ሰፈሩ። ፍል ውሃም አለው፣ እናቶች አይቅርባቸው። ቦታውን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ራሱ ስለሆነ የምንከፍለውም ለእነሱ ይሆናል።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦ ልጄ፣ ተባረኪ። ይሄ ነው የጎደለን። የክጋላጋዲን የዱር አራዊት ፓርክም ጨምሪበት። ፓርኩ ሦስት አራተኛው ቦትስዋና ውስጥ ነው፣ ግን ደቡብ አፍሪካ በኩል ባለው በትዌ ሪፊረን በር ገብቶ በዚያው ለሚወጣ ሰው ፓስፖርት አይጠየቅም። ከኡፒንግተን እስከ በሩ አስፋልት ነው። ባለ ጥቁር ጋማ አንበሳ አለው፣ የእኛን አገር አንበሳ ለናፈቀ። ታሪኩም ቀላል አይደለም። ፓርኩ በ1931 ሲከለል ለዘመናት ያደኑበት የሳን ሰዎች ቀስ በቀስ ወጡ። በ1999 የኮማኒ ሳን ሕዝብ በካሳ መሬት አገኘ፣ በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ አካባቢውን የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ዱካ የሚያነቡ የሳን መሪዎች አሉ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ጠዋት በእግር መሄድ ለልጆቻችን ትምህርት ነው።

ባለ ኳንተሙ፦ ፓርኩ ውስጥ ከመኪና መውረድ የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ሽንት ቤት በየሦስት ደቂቃው የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይንገረኝ፣ አንበሳ ፊት ልመና አልሰማም።

የኬፕ ታውን ተወካይ፦ ሁሉም ጥሩ። ግን ናሚቢያ ሙሉ ለሙሉ ከወጣች ከእኛ ቅርንጫፍ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል፣ እውነቱን ልናገር። በሁለት ቡድን ብናደርገውስ? ፓስፖርት ያለው ይሻገራል፣ ሌላው ኖርዘርን ኬፕን ያያል።

እህታችን ከደርባን፦ ኡፒንግተን ድረስ አብረን ሄደን፣ ድንበር ላይ ወረቀት ያለው በቀኝ የሌለው በግራ ልንባባል? ያን ቀን እጄን እያወዛወዝኩ የምሸኝ እኔ አይደለሁም። ይሄን ነገር የኢሚግሬሽን ቢሮ ውስጥ በየጊዜው እናየዋለን፣ ሽርሽር ላይም ይጨመርብን?

ጸሐፊ፦ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ። ናሚቢያ የሚሄዱት በራሳቸው ወጪ ቀድመው ይነሱና አይተው ይመለሱ። የጋራው ጉዞ የሚጀምረው እነሱ ሲመለሱ ነው፣ ኦግራቢስ ላይ። ከጆሃንስበርግና ከደርባን የሚመጣው በኩሩማን በኩል ይደርሳል። ከኬፕ ታውን የማይሻገረውም ስፕሪንግቦክ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ በኤን 14 ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከዚያ ሪምፋስማክ፣ ክጋላጋዲ፣ ሁሉም አንድ ላይ። የማኅበሩ ገንዘብ ለዚህ ክፍል ብቻ ይውላል። ድንበር ላይ ሸኚም ተሸኚም የለም።

እህታችን ከደርባን፦ ይሄ ይሆናል። በዚህ እፈርማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም። የናሚቢያውን ክፍል እኔ ነኝ የማስተባብረው፣ ስለዚህ ልጀምር። ራንድ እዚያ እንደራሳቸው ገንዘብ እኩል ይሠራል፣ የእነሱ ዶላር ግን እዚህ አይሠራምና ተርፏችሁ እንዳትመለሱ። ሉደሪትዝ ሁለት ሌሊት። ርካሽ የድንኳን ቦታ አግኝቻለሁ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሻርክ አይላንድ የሚባል፣ መብራት ቤቱ አጠገብ።

የሴቶች ክፍል ተወካይ፦ እዚያ አንተኛም።

ገንዘብ ያዥ፦ ምነው፣ ነፋሱን ፈርተሽ ነው?

የሴቶች ክፍል ተወካይ፦ ነፋሱን አይደለም። ከ1905 እስከ 1907 ቅኝ ገዢዎቹ ጀርመኖች የናማንና የሄሬሮን ሕዝብ፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ ያጎሩበት ደሴት ነው። በብርድ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በጉልበት ሥራ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቆበታል። የናማው መሪ ኮርኔሊየስ ፍሬደሪክስ የሞተው እዚያ ነው፣ በ1907። አሁን ደሴቱ ላይ የእሱም መታሰቢያ አለ፣ ከተማው በስሙ የተጠራው የጀርመናዊው ነጋዴ የአዶልፍ ሉደሪትዝም መታሰቢያ አለ፣ መሀላቸው ላይ ሰው ሥጋ ይጠብሳል።

ወጣቱ ከፕሪቶሪያ፦ ግን ቦታውን የሚያከራየው የናሚቢያ መንግሥት ድርጅት ነው አይደል? እነሱ ከፈቀዱ እኛ ምን ቤት ነን?

የሴቶች ክፍል ተወካይ፦ የሟቾቹ ልጆች ይቁም እያሉ ሲጮኹ ኖረዋል። የተፈቀደ ሁሉ ይደረጋል እንዴ? መቃብር ላይ ድንኳን ተክለህ ሙዚቃ ትከፍታለህ? እንሂድ፣ ጫማችንን ባናወልቅም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንይ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። መኝታችን ግን ከተማው ውስጥ ይሁን። ልዩነቱን ከኪሴ እጨምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከኪስሽ አያስፈልግም። ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ እፈልጋለሁ።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦ በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ይጨመር። እኛ ለዚያ አገር ባዕድ አይደለንም። በፈረንጆቹ 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት፣ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ ያለ አግባብ ይዛ አፓርታይድ ዘርግታበታለች ብለው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ወደቀ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ። የአፍሪካ አገሮች በንዴት ጦፉ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሰረዘ። ነፃነቱ የመጣው ግን በ1990 ነው። ሉደሪትዝ ላይ አንድ ምሽት ይሄን ለልጆቹ የሚያወራ ሰው ይመደብ። ካልተገኘ እኔ፣ ፓስፖርቴ ካልጊዜው ከታደሰ።

ጸሐፊ፦ «ካልጊዜው» ያሉት «በጊዜው» ለማለት መሰለኝ ጋሼ፣ ስልክዎ እያረመብዎት ነው። ተመዝግቧል።

የኬፕ ታውን ተወካይ፦ ኮልማንስኮፕ እንዳይረሳ፣ ከሉደሪትዝ አፍንጫ ሥር ነው። ዛካሪያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ በ1908 አሸዋ ሲጠርግ አልማዝ አገኘና ለአለቃው ለአውጉስት ሽታውኽ ሰጠው። አለቃው ሀብታም ሆነ፣ ሌዋላ ምንም አላገኘም። በረሃው መሀል ሆስፒታል፣ የበረዶ ፋብሪካ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ሳይቀር ተሠራ። ወደ ደቡብ የበለጠ አልማዝ ሲገኝ ሰው እየለቀቀ ሄዶ በ1956 ባዶ ቀረ፣ አሁን ሳሎኑን አሸዋ ሞልቶታል። ጠዋት መድረስ ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ አሸዋ ፊት ላይ ይረጫል። መንገድ ላይ አውስ አጠገብ ጋሩብ የሚባል የውሃ ጉድጓድ አለ፣ የበረሃዎቹ የዱር ፈረሶች የሚጠጡበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፈረሶች የተረፉ ናቸው ይባላል። ልጆች ይወዱታል።

የሴቶች ክፍል ተወካይ፦ ምግብ። በየትንንሹ ከተማ የምታገኙት ሥጋና ድንች ነው፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ቺፕስ ሲበላ ይከርማል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ እናዘጋጃለን፣ አንድ የጋዝ ምድጃም ይያዝ። ወደ ናሚቢያ የሚሻገሩት ጥሬ ሥጋ እንዳይዙ፣ ድንበር ላይ ጣጣ አለው። ቡና ላይ አልደራደርም፣ ጀበናው ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው።

ባለ ኳንተሙ፦ ከሉደሪትዝ ኦግራቢስ በአንድ ቀን የሚገፋ መንገድ አይደለም፣ ኪትማንስሁፕ ይታደር። የኮከርቡም ጫካውም እዚያው ነው፣ ማታ ይታያል። ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሁለት ትርፍ ጎማ። በማታ አልነዳም፣ ኩዱ መንገድ ላይ ይዘላል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ለሥራ አስፈጻሚው የሚሄደው እንዲህ ነው። የማኅበሩ ጉዞ ኦግራቢስ፣ ሪምፋስማክና ክጋላጋዲ፣ ለሁሉም አባል፣ ድጎማው ለዚህ ብቻ። ቀደም ብሎ በራስ ወጪ የሚደረግ የናሚቢያ ጉዞ፦ ፊሽ ሪቨር፣ ጋሩብ፣ ኮልማንስኮፕ፣ ሻርክ አይላንድ ለጉብኝት እንጂ ለማደሪያ አይደለም። ሶሱስፍሌይ ወጥቷል። ፕሪቶሪያ፣ አትናደድ።

ወጣቱ ከፕሪቶሪያ፦ ተናድጃለሁ፣ ግን እመጣለሁ።

ጸሐፊ፦ የክጋላጋዲ ማደሪያ ቶሎ ስለሚያልቅ የሰው ብዛት እስከ ዓርብ ይድረሰኝ። ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ አሁኑኑ ጀምሩ። እህታችን ከደርባን፣ ለሪምፋስማኮች የምትደውይው አንቺ ነሽ?

እህታችን ከደርባን፦ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ስንት ሰው ልበላቸው?

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ የከፈለውን ቁጠሪ፣ «እመጣለሁ» ያለውን አትቁጠሪ።