ለግፊት በቤታ ብሎከር መጀመር ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ጤና መኮንን፣ ደቡብ ወሎ
ጤና ይስጥልኝ። ከባልደረባዬ ጋር ያላግባባን ነገር አለ፤ እዚህ እንከራከርበት። ትናንት አንዲት የ61 ዓመት እናት መጡ። ግፊታቸው 164 በ96 ነው፤ ስኳር የለባቸውም፣ ልባቸውም ደህና ነው። ሌላ ቦታ አቴኖሎል (ቤታ ብሎከር ከሚባሉት፣ አድሬናሊን ልብ ላይ እንዳይሠራ ከሚከለክሉት መድኃኒቶች አንዱ) 50 ሚሊ ግራም ተጀምሮላቸው ሁለት ወር ወስደዋል። ወደ አምሎዲፒን፣ የደም ሥርን ወደሚያላላው የግፊት መድኃኒት፣ ልቀይር ስል ባልደረባዬ «ስንቱን ያከምንበት መድኃኒት ነው፤ ምን በደለህ?» አለኝ። እኔ ግፊት ብቻ ላለበት ሰው በቤታ ብሎከር መጀመር ይቅር ባይ ነኝ። እናንተስ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
እኔም ይቅር እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ላይፍ የተባለ ጥናት 9,193 ሰዎችን ይዞ ሎሳርታን የተባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት ከአቴኖሎል ጋር አወዳደረ። ግፊቱ በሁለቱም በኩል ከሞላ ጎደል እኩል ወረደ፤ ስትሮክ ግን ሎሳርታን በወሰዱት ላይ በ25 በመቶ አነሰ። በ2005 ደግሞ አስኮት የተባለው ጥናት ከ19 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ አምሎዲፒንን ከአቴኖሎል ጋር አነጻጸረ፤ ስትሮክም ሞትም አምሎዲፒን በወሰዱት ላይ አነሰ። ክንድ ላይ የምንለካው ቁጥር ያታልለናል፤ አቴኖሎል ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ያን ያህል አያወርደውም። ብሪታንያ በ2006 ቤታ ብሎከርን ከመጀመሪያው ተርታ አውጥታዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያም ለመጀመሪያ የሚመክረው ታያዛይድ የሚባሉትን ውሃ የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ እነ ኢናላፕሪልንና ሎሳርታንን፣ እነ አምሎዲፒንን ነው።

ፋርማሲስት፣ ሰሜን ጎንደር
ዶክተር፣ የጠቀሷቸው ጥናቶች ሁለቱም የአቴኖሎል ናቸው። አቴኖሎል ተሸነፈ ማለት ቤታ ብሎከር ሁሉ ተሸነፈ ማለት አይደለም። የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር እኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያው ቤታ ብሎከርን ከአምስቱ ዋና ዋና መድኃኒቶች ተርታ መልሶታል። ደግሞ እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አምሎዲፒን አልቆ መደርደሪያው ላይ አቴኖሎል ብቻ የቀረበት ጊዜ ነበር። ግፊቱ 180 የገባ ሰው፣ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ «መመሪያው አይፈቅድም» ብዬ ባዶ እጁን ልሸኘው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
አትሸኙት፤ ስጡት። እዚህ ላይ ልክ ነዎት። እኔ የምቃወመው አምሎዲፒኑ እያለ በልማድ አቴኖሎል መጻፉን ነው።

የታማሚ ልጅ
ይቅርታ፣ እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እናቴ የልብ ድካም አለባት። ካርቬዲሎል ስድስት ወር ወስዳለች። «ቤታ ብሎከር ድሮ ቀርቷል» የሚል ነገር ስልክ ላይ አይቼ፣ እሷም ይደክመኛል ስለምትል፣ ከትናንት ወዲያ አስቆምኳት። ሐኪሟን አልጠየቅኩም። አጥፍቻለሁ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
እህቴ፣ ዛሬውኑ ክትትል ወደምታደርግበት ቦታ ደውዪ፤ በምን መጠን እንደምትመለስ እነሱ ይንገሩሽ። እስትንፋስ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ይህ መድኃኒት በአንዴ አይቆረጥም፤ ልብ ተሸፍኖ የቆየበት አድሬናሊን በድንገት ሲለቀቅበት ይደነብራል።

እኛም ጥፋት አለብን፤ ከላይ ስንከራከር ስለ ግፊት ብቻ እንደሆነ በደንብ አላሰመርንበትም። በልብ ድካም ላይ ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። (ራዲዮ ላይ «በልብ ድካም ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ የልብ ደም ሥር ድንገት መዘጋቱን ነው። እዚህ የምለው ልብ ደም መግፋት አቅቶት እግር የሚያብጥበትን፣ በጀርባ ተኝቶ መተንፈስ የሚያቅትበትን ነው።) ድሮ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቤታ ብሎከር መስጠት ክልክል ነበር፤ የደከመን ልብ ይብስ ያደክማል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1975 የስዊድን ጎተንበርግ ሐኪሞች ለሰባት ሕመምተኞች ሰጥተው መሻሻል አዩ፤ የሚያምናቸው ግን ጥቂት ነበር። በ1999 ቢሶፕሮሎል የተባለው ቤታ ብሎከር በ2,647 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሞትን በ34 በመቶ ቀነሰ። ከመቶው 17 ይሞት የነበረው ወደ 12 ወረደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት፣ በ2001 ደግሞ ካርቬዲሎል፣ ያውም ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ላይ፣ ተቀራራቢ ውጤት አሳዩ። የእናትሽ መድኃኒት ከነዚህ አንዱ ነው። አቴኖሎል ግን በልብ ድካም ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ የለውም።

ድካሙን ቀላል አድርጌ አላየውም። መጠኑ ሲጨመር ለጥቂት ሳምንታት ሊደክማት ይችላል። ለዚህ ነው ካርቬዲሎል በ3.125 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለቴ ተጀምሮ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እየተጠበቀ የሚጨመረው። ድካሙ ከበዛባት ሐኪሟ መጠኑን ይቀንስላታል።

ጤና መኮንን፣ ደቡብ ወሎ
ታዲያ ዶክተር፣ እዚህ ላይ ልሟገትዎ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንዲሠራ ሪፈር የጻፍኩለት ሰው ወራት ይጠብቃል። እስከዚያ ውሃውን በሚያሸናው ላሲክስና በኢናላፕሪል ብቻ ላቆየው? ኢትዮጵያም በነበረችበት የዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች መዝገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው፣ በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት 1,006 ሰዎች አማካይ ዕድሜ 52 ነበር፤ ዋናው መንስኤም ግፊት ነው። ገና አርሶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው የምንለው!

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አዲስ አበባ
ቁጭትህ ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ማስረጃው የመግፋት ኃይሉ ለቀነሰ ልብ ነው፤ ያንን በጆሮ ማዳመጫ አትለየውም። እኛ ዘንድ ደግሞ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልቡ በር (ቫልቩ) የተጎዳው ብዙ ነው፤ የሱ ስሌት ሌላ ነው። እግሩ አብጦ፣ ሳንባው ውሃ ይዞ ሳለ ከጀመርክለት ደግሞ ታባብስበታለህ።

ጤና መኮንን፣ ደቡብ ወሎ
ውሃው ከወረደ፣ አስም ከሌለው፣ የልብ ምቱ ከ60 በላይ ከሆነስ? በስልክ ከእርስዎ ጋር ተመካክሬ በትንሹ ብጀምርለት? ኢኮው እስኪደርስ የሚሞትብኝ ሰው አለ።

ሲስተር፣ ቨርጂኒያ
እኔ ከጤና መኮንኑ ጋር ነኝ፤ በስልክ ምክክር ይጀመር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተጀመረው አለመቀጠሉ ነው። ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ አለዚያ ያዞራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶቻችን የጠዋቱን ይዘሉታል፤ ለሐኪሙም አይናገሩም። ጸበል ሲገቡ ጭራሽ የሚያቆሙ አሉ። እኔ ክርክር አልገጥማቸውም፤ የንስሐ አባታቸውን ነው የማናግረው። «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ ውሰጂ» ሲሏቸው ይሰማሉ። እህቴ፣ ድካሙ የመጣው በጾሙ ሰሞን እንደሆነ እስቲ እናትሽን ጠይቂልን።

የታማሚ ልጅ
ጠየቅኳት። ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆዷን ነው የምትወስደው፤ የሚያዞራትም ያኔ ነው። ክሊኒኩም ደወልኩ፤ ዛሬ ማታ ከእራት ጋር እንድትመለስበት፣ ሐሙስ እንዳመጣት ነግረውኛል።

ጤና መኮንን፣ ደቡብ ወሎ
እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም የኔን ታካሚ፣ የ61 ዓመቷን እናት፣ ነገ ነው የማገኛቸው። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም እጀምርላቸዋለሁ፤ አቴኖሎሉን ግን ወደ 25 አውርጄ ቀስ በቀስ ነው የማስቆመው። ዶክተር፣ የኢኮውን ነገር አልተውኩትም፤ መልስዎን እጠብቃለሁ።