ጎንደርና ስሜን ለምትሄዱ፦ ከማደሪያው ቀንሱ፣ ከአስጎብኚው አትቀንሱ

ፋሲል ግቢን አይታችሁ ወደ ስሜን ተራሮች ለመውጣት ካሰባችሁ ምክሬ አጭር ነው። ወጪ መቀነስ ግድ ከሆነ ከማደሪያው ቀንሱ፤ የአስጎብኚውን ሒሳብ አትንኩ።

ለምን እንደምል ለመረዳት የታላቁ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ማየት ይበቃል። ብቻውን የገባ ሰው የሚያገኘው ጣሪያ አልባ ግንብ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል። ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ ግን እዚያው ያቆማችኋል። ግድግዳው በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስለቀቅ የጣሉት ቦምብ እንደመታው እየጠቆመ ያስረዳችኋል። በ900 ሜትር አጥር ውስጥ ከዐፄ ፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብ የተሠሩ ግንቦች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚነግራችሁ ከሌለ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከአንድ ሰዓት በታች ግቢውን ዞሮ የሚወጣ ጎብኚ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

አስጎብኚ ከሦስት ቦታ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት፣ ከሆቴሉ ጥቆማና ከግቢው በር። የድርጅቱ ሰው ጉዞውን ሁሉ ያቀናል፤ ነገር ግን ላሊበላንም አክሱምንም ጎንደርንም በአንድ አቅም ስለሚያስጎበኝ እዚህ ላይ ቸኩሎ ያልፋል። ሆቴሉ የሚጠራው ጥሩም ደካማም ሊሆን ይችላል። የእኔ ምርጫ ፈቃዱን አንጠልጥሎ በር ላይ የሚጠብቀው የከተማው ልጅ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ክፍያውንና ሰዓቱን ተስማሙ። ችሎታውን ለመመዘን የምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ጥንታዊውን የኖራ ግንብ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ከጠገኑት እንዲለይላችሁ። አብዛኛው ሲሚንቶ በኋላ ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል፤ ይህን በእጁ እየዳሰሰ የሚያሳያችሁን ሰው ካገኛችሁ ቀኑን ሙሉ አትልቀቁት።

የመግቢያ ትኬቱን አስቀምጡ፤ የፋሲል መዋኛንም ለማየት ያገለግላል። መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በባጃጅ ሂዱ። ከጥምቀት ውጭ ገንዳው ደረቅ ነው፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ የሚገባው ለበዓሉ ነው። ሆኖም አጥሩን እንደ ጣት ጨብጠው የያዙትን የዛፍ ሥሮች በጸጥታ ለማየት ከበዓሉ ውጭ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ለጥምቀት የምትሄዱ ማደሪያ ከወራት በፊት ያዙ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የራሱ መግቢያ አለው፤ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ከተከፈለው በላይ ይክሳሉ። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ ይህን እዩ።

ማደሪያን በተመለከተ ምርጫው በከተማው መሀል ባለው ፒያሳና በኮረብታው መካከል ነው። ፒያሳ ያደረ ሰው ግቢው በእግሩ ቅርብ ነው፤ ምግብ ቤቱም ባንኩም አጠገቡ ነው። ጎሃ ሆቴል ከከተማው በላይ ተቀምጦ ጎንደርን በሙሉ ቁልቁል ያሳያል። ዕይታው እውነትም ያምራል፤ ለዚያ ግን ማደር የግድ አይደለም፤ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ቡና መጠጣት ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለስሜን አድርጉት።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ናት። በሕዝብ ሚኒባስ መድረስ ይቻላል፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። በፓርኩ ውስጥ ወዳሉት የድንኳን ሰፈሮች፣ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ፣ የሚወስደው መንገድ የኮንትራት መኪና ወይም ጠንካራ እግር ይጠይቃል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ መግቢያው የሚከፈለው፣ ስካውት የሚሉት መሣሪያ የያዘ የፓርኩ አጃቢም የሚመደበው እዚያ ነው፤ ያለ ስካውት አይገባም። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎም እዚያው ይገኛሉ። ከጎንደር ጥቅል የሚሸጡ ሰዎች ድካሙን ይቀንሱላችኋል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጊዜ ካላችሁ ደባርቅ ላይ ራሳችሁ አዘጋጁ። ጥቅሉን ከመረጣችሁ የፓርኩ መግቢያ፣ የስካውቱ አበል፣ ድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ መካተታቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

የሚከራይ ድንኳን ስትይዙ እዚያው ዘርግታችሁ ዚፑን ሞክሩ። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ከልጆች ወይም ከአረጋውያን ጋር ከሆናችሁ ሎጅ ይሻላችኋል፤ ሌላው ሰው ግን ድንኳን ውስጥ ይደር እላለሁ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ ከመኝታችሁ ብዙም ሳትርቁ ታያላችሁ። አንድ ሌሊት ብቻ ያላችሁ ሳንቃበር አድራችሁ የጅንባርን ፏፏቴ እዩ። ሁለት ካላችሁ ጨነቅ ድረስ ዝለቁ፤ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል በተራራው ላይ ቆሞ የሚታየው፣ ዋልያ የማየት ዕድሉም የሚሰፋው እዚያ ነው።

ዕቃ መግዛት ለምትፈልጉ፦ ጋቢ ወደ ተራራው ከመውጣታችሁ በፊት ጎንደር ላይ ግዙ፤ ከማንኛውም የኪራይ ብርድ ልብስ ይበልጣል። የወለቃን የሸክላ ሥራ ግን ለመመለሻ አቆዩት። መንደሩ ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው፤ ቀድሞ የቤተ እስራኤል ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ሸክላው በቀላሉ ይሰበራል፤ በሄዳችሁበት መንገድ ላይ ከገዛችሁት ተራራ ወጥቶ አይተርፍም። በፒያሳ ሱቆችም ተመሳሳይ ታገኛላችሁ፤ እኔ ግን ከሠሪዋ እጅ መግዛቱን እመርጣለሁ።

ከአዲስ አበባ ለምትነሡ አውሮፕላን ይሻላል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የነበረው ግጭት የየብስ ጉዞውን አስቸጋሪ አድርጎታል፤ የደባርቅን መንገድም ከመነሣታችሁ በፊት ጎንደር ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከባሕር ዳር በመኪና የምትመጡ ከሆነ እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ ቁሙ። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ነው፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተሠራ፣ ጣናን ከፊቱ ያደረገ።

ለጉዞው የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ግንቡን ለማየት አይከለክሉም፤ ስሜንን ግን ጭጋጉ ስለሚሸፍነው ለዚያ ወቅት አልመክርም።