የደሴ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ልናስረክብ ነው፤ ምን ይዘን እንሂድ?

ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁና ሐሳብ ጀባ በሉኝ።

እዚህ ደሴ ፎቶ የምናነሳ ልጆች አብረን መዞር ከጀመርን ቆየት አልን። ስም የለንም፣ ማኅተምም የለንም። እሁድ ሲሆን ካሜራ ያለው ካሜራውን፣ የሌለው ስልኩን ይዞ ይወጣል። አንዳንዴ ፒያሳና ሙጋድ እንዞራለን፣ አንዳንዴ ሐይቅ እንወርዳለን፣ ለትራንስፖርት ሲገኝ ደግሞ ባቲ እንሄዳለን። ከመሃላችን ሠርግ የሚያነሳ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳም አለ። ከኮምቦልቻ የሚመጡም አሉ።

በዚህ መሃል ያላሰብነው ነገር መጣ። ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው አባቶች ኔጌቲቮቻቸውን እያመጡ "እናንተ ያዙት" ይሉን ጀመር። ልጆቻቸው አይፈልጉትም። ቤት ሲታደስ ቀድሞ የሚጣለው እሱ ነው።

አሁን እኔ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ተደርድሯል። አንዱ ውስጥ ስድስት በስድስት ሴንቲሜትር ኔጌቲቭ አለ፣ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ። ወደ መስኮት ይዤ አየሁት። አንዲት ልጅ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከኋላዋ በቀለም የተሳለ መጋረጃ አለ፣ ፏፏቴና ዘንባባ ያለበት። እጇን ያሳረፈችው ወንበር ላይ በተቀመጠ ሬዲዮ ላይ ነው። ሬዲዮው የእሷ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለውን ሳነሳ ሌላ ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው ሬዲዮ። የሚቀጥለውም እንደዚያው።

ለምን ቤተ መጻሕፍት ትሉኝ ይሆናል። ስለ ወሎ የተነሳ ፎቶማ ሞልቷል። በ1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ጃንሆይ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። በ1977 ኮረም፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸውን ያላየ የለም። እነዚያ በወጉ ተቀምጠዋል፣ የፈለገ ያገኛቸዋል። ግን በዚያው በ1977 ደሴ ውስጥ ያገባ ሰው የለም? አለ። ፎቶው እኔ ቁም ሳጥን ላይ ነው። ልጅ ክርስትና ያስነሳ፣ ትምህርት የጨረሰ፣ አዲስ ኮት ገዝቶ ፎቶ ቤት የገባ ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች ጋር ተነጋግረናል። ፊት አልነሱንም። የሚቆለፍ ቦታና መደርደሪያ እንሰጣለን አሉ። "ምን ምን እንደምታስረክቡ ግን በጽሑፍ አምጡ" ሲሉን እኛ እዚያ ላይ ቆምን። የምንሰጠው ኔጌቲቩን ነው ወይስ ስካኑን? ሁሉን ነው ወይስ ምርጡን? የእኛ የእሁድ ፎቶዎችስ አብረው ይግቡ? ነገ አንድ ሰው መጥቶ "የእናቴን ፎቶ ማን እዚህ አስቀመጠው?" ቢለን ምን እንመልሳለን? ይህን ነገር የሠራ ካለ ይንገረን።

ቧንቧ ውሃ

ብሮ ሐሳቡ ሸጋ ነው፣ ግን ምን አደከማችሁ? ቴሌግራም ቻናል ከፍታችሁ ልቀቁት። ሰው ያየዋል፣ ያጋራዋል፣ አለቀ። ቤተ መጻሕፍት ከገባ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚኖረው። ደግሞ በ2014 የሆነውን እንዳትረሱ። ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሙዚየሙ ተዘረፈ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልቀረለትም። የሚቆለፍ በር ማንን አዳነ?

መዝገብ ጠባቂዋ

እኔ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ወሎዬ ነኝ፣ ያገሬ ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቧንቧ ውሃ፣ ቴሌግራም ፎቶውን አሳንሶ ነው የሚልከው፤ እንደ ፋይል ካልላክኸው በስተቀር የሚደርሰው የተጨመቀው ነው። ቻናሉን የከፈተው ልጅ ሲም ካርዱ ከጠፋበት ደግሞ ቻናሉም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ለማሳየት ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ አይሆንም። የ2014 ነገር ላይ ግን እውነትህን ነው። ከዚያ የምንይዘው ግን ቤተ መጻሕፍት ይቅር የሚለውን አይደለም። ቅጂው አንድ ከተማ ብቻ አይቀመጥ። አንዱ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ፣ አንዱ ፎቶ አንሺዎቹ ልጆች ጋ፣ ሦስተኛው ከደሴ ውጭ። ለሦስተኛው ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ በደብዳቤ ጠይቁ። ከ1936 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ የአገር ሰነድ መሰብሰብም ሥራው ነው።

ጦሳ ሥር፣ አንተ ልበልህ፤ አንቺ ከሆንሽ ይቅርታ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፍተህ አሽትት። ኮምጣጤ የሚሸት ካለ የፊልሙ ፕላስቲክ መፍረስ ጀምሯል። ሽታው ሲታፈን ደግሞ አጠገቡ ላለውም ይተርፋል። እነዚያን ለይተህ አስቀምጥ፣ ስካንም ቀድመው ይደረጉ። ጋዜጣውን አውጣው፣ አሲድ አለው። ግን ከመጣልህ በፊት አንብበው! ቀኑ ካለበት ፎቶው ስንት ዓመተ ምሕረት አካባቢ እንደተጠቀለለ ይነግርሃል። ማስቀመጫው አሲድ የሌለው ወረቀት ቢሆን እሰየው። ካልተገኘ ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ይሁን። ያ ለስላሳው፣ የሚሸተው ፒቪሲ ግን አይነካቸው። በክረምት የደሴ ጉም ሳሎን ድረስ እንደሚገባ ታውቃለህ፤ መደርደሪያው ከውጭው ግድግዳ ራቅ፣ ከወለሉም ከፍ ይበል።

ስካኑን በተመለከተ፣ ለታተመ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበበው የነጥብ ብዛት) ይበቃል። 35 ሚሊሜትር ኔጌቲቭ ግን ትንሽ ስለሆነ ከ3000 እስከ 4000 ይፈልጋል። ዋናውን ምስሉን ሳይቀንስ በሚይዘው በቲፍ ፋይል አስቀምጡ፣ ለሰው የሚታየውን አነስ ባለው በጄፔግ። ስካን አደረግን ብላችሁ ኔጌቲቩን እንዳትጥሉት። ሃርድ ዲስክ አንዴ ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀለት፤ በወጉ የተያዘ ኔጌቲቭ እኔንም አንተንም ይቀብራል።

ዋናው ጣጣ መግለጫው ነው። "77" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቀን አይረባም፤ የኛ ይሁን የፈረንጅ ይታወቅ። የእናንተ ዲጂታል ካሜራም ሌላ ጉድ አለው። ካሜራውን በእኛ ሰዓት የሚሞላ ሰው አለ። ጠዋት በሦስት ሰዓት የተነሳው ፎቶ ፋይሉ ላይ 3:00 ተብሎ ይመዘገባል። ይህን የፈረንጅ ሰዓት ነው ብሎ ላነበበው ገበያው ውድቅት ሌሊት ላይ የቆመ ይመስለዋል። "ሰኞ ገበያ" ተብሎ የተጻፈስ? የደሴው ሰፈር ነው ወይስ የባቲው የሰኞ ገበያ? እናንተ ግመሉን አይታችሁ ትለያላችሁ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያየው ግን አይለይም። ሐይቅንም አንዱ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል። ኮምፒውተር እነዚህን አንድ አድርጎ ላያይ ይችላል። አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ። የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ይሁን።

የድሮ ፎቶ ቤት

ልጄ፣ ማሻ አላህ፣ ደግ ነገር ጀምራችኋል። እኔ ኮምቦልቻ ብዙ ዘመን ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ሬዲዮዋን ባነበብኩ ጊዜ ሳቅሁ። እኛም ጋ ነበረች። ባትሪ እንኳ አልነበራት። ኮትና ከረባትም ግድግዳው ላይ እንሰቅል ነበር፣ ከገጠር የመጣ ሰው ለብሶ ይነሳና መልሶ ይሰቅላል። አንድ ኮት ስንቱን ዳረ!

ሦስት ነገር ልንገርህ ብዬ ነበር፣ ሁለቱን የመዝገብ ቤቷ ልጅ ነገረችህ። የቀረው ትልቁ ነው። ደብተሩን ጠይቅ። ኔጌቲቩን ያመጡልህ ሰዎች ጋ ተመለስና "ደብተሩስ?" በል። እኛ ቀብድ ስንቀበል ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ስንት ፍሬ እንደፈለገ በደብተር እንጽፍ ነበር። ያው ቁጥር ኔጌቲቩ ጥግ ላይ በመርፌ ተጭሯል ወይ ፖስታው ላይ ተጽፏል። ሁለቱ ከተገናኙ ያቺ ልጅ ስም አላት። ኔጌቲቩን ሁሉም ያመጣልሃል። ደብተሩን ግን ወረቀት ነው ብለው ለማቀጣጠያ ነው የሚያደርጉት።

ኔጌቲቩን ደግሞ አደራ በጨርቅ እንዳትወለውል። በማያብለጨልጨው በኩል፣ የሰውየው ፊት ላይ፣ በእርሳስ የነካካነው አለ። ሪታች እንለዋለን። የፈንጣጣ ጠባሳ፣ የፀሐይ ቃጠሎ፣ የዓይን ሥር እንዲጠፋ በቀጭን እርሳስ ሌሊት አጎንብሰን የሠራነው ነው። ካበስኸው ይሄዳል። ጠርዙን ብቻ ይዘህ አቧራውን በመንፊያ አንሳው።

ምርጡን ወይስ ሁሉን ላልኸው፣ ሁሉን! ማን ነው መራጩ? በቀበሌ መታወቂያ ጊዜ ቀን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ብቻ እናነሳ ነበር። ያኔ ሥራው አሰልችቶኝ ነበር። አሁን የስንቱ ሰው ብቸኛ ፎቶ እሱ ሆኖ ቀረ። አላህ ያግዛችሁ።

ሐይቅ ዳር

የሕጉን ጉዳይ በአጭሩ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ በር ይከፍታል፤ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ሰውየው የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ወይም ፎቶው አደባባይ የተደረገ ነገር ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። የባቲ ገበያው ከዚህ ይገባል። የፎቶ ቤቷ ልጅ ግን ገንዘቧን ከፍላ ለራሷ የተነሳችው ነው። እነዚያን አንባቢ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይያቸው፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ቤተሰብ እሺ ሳይል አይውጡ። "አንሱልን" ለሚል ሰውም ማመልከቻ የሚያስገባበት መንገድ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ ይጻፍ።

መብቱን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም የማባዛትና የመሸጥ መብቱ፣ የሚጠበቀው ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የ1977ቱ አልፎታል። የእሁድ ፎቶዎቻችሁ ግን የእናንተው ናቸው፣ በጽሑፍ ካላስተላለፋችሁ በቀር ፋይሉን ስላስረከባችሁ ብቻ መብቱ አይሄድም። እያንዳንዱ አንሺ ለየብቻው ይፈርም። "ቡድኑ" የሚባል ፈራሚ የላችሁም፣ ራስህ ስም የለንም ብለሃል።

ጦሳ ሥር

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ስለ ደብተሩ ማንም አልነገረንም ነበር። አንቱ ባይጽፉልን ኖሮ ቆርቆሮውን ብቻ ይዘን እንሄድ ነበር። መዝገብ ጠባቂዋ፣ አንተ ነኝ፣ አብሽሪ። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ኮምጣጤ ይሸታሉ። ለይቻቸዋለሁ።

ከልጆቹ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ልንጽፍ ነው። ኔጌቲቩ ከነደብተሩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይገባል፣ ሳይመረጥ። አንድ የስካን ቅጂ እዚያው፣ አንድ እኛ ጋ፣ ሦስተኛው እንዲቀመጥ ለወመዘክር ደብዳቤ እንጽፋለን። የፎቶ ቤት ፎቶ እዚያው ይታያል፣ የአደባባዩ ኢንተርኔት ላይም ይወጣል። የእኛን የእሁድ ፎቶ ላይ ግን ተጨቃጨቅን። ሁሉን እንስጥ ካልን አንድ ልጅ አንዲት ወፍ መቶ ጊዜ አንስቷል፣ ያን ማን ሊያየው ነው? እዚህ ላይ ጋሼን እቃወማለሁ። ፊልም ውድ ስለነበር እናንተ ስታነሱ መርጣችሁ ነው፤ እኛ ደግሞ ስናስረክብ እንምረጥ። ከአንድ ቀን ከሰው ሃያ ፎቶ በቂ ነው ብዬ ነበር፣ ባለወፉ እስካሁን አኩርፎኛል።

የቀረን ስካነር ነው። ኔጌቲቭ የሚያነብ፣ ክዳኑ ላይ መብራት ያለው ዓይነት። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለአንድ ክረምት የሚያውሰን ካለ በውስጥ ይጻፍልን። ኪራይም እንከፍላለን፣ ከሠርግ ገቢ እናዋጣለን።

ቧንቧ ውሃ

ስካነር የለኝም። አያቴ ግን ሰኞ ገበያ፣ የደሴው፣ ነው ያደገችው፤ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ታውቃለች። ፎቶዎቹን በፋይል ላክልኝና ስም ታውጣላቸው። ዓይኗ ስለደከመ ተለቅ ያለውን ላክ።

ጦሳ ሥር

በፋይል አልልክም፣ ቤተሰቦቹን ገና አልጠየቅንም። ላፕቶፑን ይዤ እመጣለሁ። ደብተርና እርሳስ አንተ አዘጋጅ፣ ስትናገር የምትጽፈው አንተ ነህ።