በታብሌት የሣልኩትን ሥዕል ስሸጥ መብቱ የማን ነው?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። በታብሌት ሥዕል እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የሐይቁ ዳር ነው፦ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች። ፋይሉንም የታተመውንም በቴሌግራምና በኢንስታግራም እሸጣለሁ። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል።

አንድ ሰው ከቻናሌ ሥዕል ወስዶ ቲሸርት ላይ እያተመ ይሸጣል። ሳናግረው «ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው፤ ለመሆኑ አስመዝግበሽዋል?» አለኝ። አላስመዘገብኩም። መብት የለኝም ማለት ነው?

አንድ ካፌ ደግሞ ለግድግዳ የሚሆን ሥዕል አዞኝ ሠርቼ ተከፍሎኛል። አሁን በስኒና በመጠቅለያ ላይ አትመውታል። የጽሑፍ ውል አልነበረንም። ተጨማሪ መጠየቅ እችላለሁ?

በመጨረሻ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን የፊቼ ጨምበላላ ሥዕል ጀምሬያለሁ። መነሻዬ ፌስቡክ ላይ ያየሁት የሰው ፎቶ ነው። ብሸጠው ችግር አለው?

የሕግ ባለሙያ

እህቴ፣ ቲሸርት አታሚው ተሳስቷል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሥራው የራስሽ ፈጠራ ከሆነና በፋይል ከተቀመጠ መብቱ ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው። ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ የሚጠቅመው ክርክር ሲነሳ ነው፤ ወረቀቱ ማስረጃ ይሆንሻል።

አሁን ከሰውዬው ጋር አትጨቃጨቂ። ከነቃ ፖስቱን ያጠፋዋል። በቅድሚያ ስክሪንሾት አንሺ፤ ቀኑ፣ የገጹ ስምና ዋጋው ይታይ። ሊንኩን ገልብጠሽ አስቀምጪ። ከተቻለ በወዳጅ በኩል አንድ ቲሸርት ግዢና ደረሰኙን ያዢ። ከዚያ በኢንስታግራምና በፌስቡክ የቅጂ መብት ጥሰት ማመልከቻ ላይ ያንቺን ፖስት ሊንክና የእሱን ሊንክ ጎን ለጎን አስገቢ። እዚያም የምዝገባ ወረቀት የግድ አይደለም።

ሠዓሊ፣ ከአዳማ

የካፌው ነገር ግልጽ ነው። የሣልሽው አንቺ ነሽ፤ የከፈሉሽ ለግድግዳ ነው። በየስኒው ክፍያ ጠይቂ! እኛን ሠዓሊዎችን የሚጎዳን ዝም ማለታችን ነው።

የሕግ ባለሙያ

ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ግን እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ዝግጁ የሆነ ሥዕል ስትሸጥ ገዢው የሚወስደው ያንን አንድ ቅጂ ነው፤ የማባዛት መብት አብሮ አይሄድም። በትዕዛዝ የተሠራ ግን ይለያል። በአዋጁ መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም አባዝቶ ገቢ የማግኘት መብቱ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ ካፌው «አዝዘን ከፍለናል» ብሎ መከራከር ይችላል። ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ይህንን የሚያውቁት ከተጎዱ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ባዶ እጅሽን ነሽ ማለት ግን አይደለም። የሠራሽው አንቺ መሆንሽ እንዲጠቀስና ሥዕሉ ክብርሽን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ የመጠየቅ የሞራል መብት አለሽ። በቴሌግራም «ለግድግዳ የሚሆን» የተባባላችሁበት መልእክት ካለ አታጥፊው፤ ትዕዛዙ ለምን እንደነበር ያሳያል። እሱን ይዘሽ በጨዋ ደንብ አነጋግሪያቸው። ስምሽ ስኒው ላይ እንዲገባ፣ ለሕትመቱም ክፍያ እንዲታሰብ ጠይቂና የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ፈርሙ።

ከእንግዲህ ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ሥዕሉ የት የት እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ፣ ፋይሉ ከነሌየሩ (ሥዕሉ ከተሠራባቸው ተደራራቢ ንብርብሮች ጋር) ይሰጥ እንደሆነ፣ መብቱ በማን እንደሚቀር። መብት ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት።

የሕትመት ቤት ባለቤት፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ እኔ ከአታሚ በኩል ልንገርሽ። ሰው በስልኩ ሥዕል ይዞ ይመጣል፤ የማን እንደሆነ ብንጠይቅም «የራሴ ነው» ይለናል። የሚያሳምነኝ ከነሌየሩ ያለ ዋናው ፋይል ነው። እሱ ካለሽ አታሚው ጋም ሄደሽ አሳዪው፤ ብዙዎቻችን ጣጣ አንፈልግም።

ለቻናልሽ ደግሞ ትልቁን ፋይል አትልቀቂ። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ኤ3 ወረቀት ለማተም 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል። ወርዱ 1080 ፒክስል የሆነ ምስል በዚያው ጥራት ከ9 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ስልክ ላይ ያምራል፤ ቲሸርት ላይ ሲለጠጥ ይፈዛል።

ሠዓሊ፣ ከአዳማ

ስለ ካፌው ተምሬበታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ስለ ፎቶው ግን እርግጠኛ ነኝ። ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በዓሉን ማንም መሣል ይችላል። ፎቶው ግን የአንሺው ነው፤ በእኛ ሕግ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። አቀማመጡን፣ ብርሃኑንና ሰዎቹን እንዳለ ከገለበጥሽ ቀለሙን መቀየርሽ አያድንሽም። ፎቶ አንሺውን በጽሑፍ አስፈቅጂ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በበዓሉ ዕለት ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ወርደሽ ራስሽ ማንሳት ነው፤ ሥዕሉም ያንቺን ዓይን ይይዛል።

የሕግ ባለሙያ

አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለፈቃዱ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። በአደባባይ በዓል ላይ ላለ ሕዝብ ሕጉ ልዩ ሁኔታ አለው። አሞራ ገደል የአንድ ዓሣ አጥማጅ መልክ ለይተሽ ስትሥይ ግን ፈቃዱን ጠይቂው።

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

እግዜር ይስጥልኝ! ማስረጃውን ዛሬውኑ እሰበስባለሁ። ፎቶውን ትቼ ሥዕሉን እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ዋናውን ፋይል ይዤ እርስዎ ጋ ነው የማሳትመው። ፋይል ብቻ ለሚገዙኝ ሰዎች ምን ብዬ ልጻፍ?

የሕግ ባለሙያ

ከደረሰኙ ጋር ይህን ላኪ፦ «ይህ ፋይል ለግል ጥቅም ብቻ የተሸጠ ነው። ገዢው ለራሱ አንድ ቅጂ ማተም ይችላል። ማባዛት፣ ለሌላ ማስተላለፍ፣ ለንግድ ዕቃ ወይም ለማስታወቂያ ማዋል ያለ ሠዓሊዋ የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም። የቅጂ መብቱ የሠዓሊዋ ነው።» ከሥሩ ስምሽን፣ ቀኑንና የሥዕሉን ርዕስ አስገቢ።